ለኢሳይያስ የተገዛ ካፖርት

ኦገስት 27፣ 2005፣ ቅዳሜ

ጠዋት ልብስ ሳጥፍ ኢሳይያስ ደወለ፤ የታናሽ እህቴ የሠርካዲስ ባል። ኒው ኦርሊንስ ታክሲ ይነዳል። ማዕበሉ ሰኞ ይደርሳል፣ ሰው እየወጣ ነው አለኝ። "ሦስታችንም ኮሎራዶ፣ ኦሮራ እናንተ ጋ ብንመጣስ፣ ጌጤ?"

ሠርኬና ልጅቷ ይምጡ አልኩት። ቤታችን ሁለት መኝታ ነው፤ ሳሎኑ ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ነው። ንዋይም ደስ አይለውም አልኩ። ሳቀ። "በቃ፣ እኔ ታክሲዬን እጠብቃለሁ" አለ።

ባሌ ንዋይ ሌሊት የኤርፖርት ሹፌር ስለሆነ ተኝቶ ነበር። ሲነሳ ሠርኬ እየመጣች ነው አልኩት።

"ኢሳይያስስ?"

"ሥራ አለው።"

ኦገስት 28፣ እሑድ

መንገድ ላይ ናቸው። ከቴክሳስ አንዴ ደወለች። ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን አስጠራሁ፤ የሦስቱንም።

ኢሳይያስ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሊጠይቀን መጥቶ እዚሁ ሳሎን፣ ጸሎት መሀል፣ ቢራ ቢራ እየሸተተ ከፓርኪንግ ገባና ሽማግሌያችንን ጋሼ ጳውሎስን "እግዚአብሔር ጆሮው ደህና አይደለም እንዴ? ለምንድን ነው የምትጮኹት?" አላቸው። ሰው ሁሉ ሰማ። ንዋይ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ለሳምንታት ቀና ብዬ መሄድ አቃተኝ። ንዋይ አይወደውም ያልኩት ከሜዳ ተነስቼ አይደለም።

ኦገስት 29፣ ሰኞ

ረፋዱ ላይ ደረሱ። ሠርኬ ዓይኗ ቀልቷል። ሊዲ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት በልጣኛለች። ዕቃ ስናወርድ ትራንኩ ውስጥ መጥረቢያ አገኘሁ።

"ይሄ ለምኑ ነው?"

"ጎረቤታችን አሮጊቷ ናቸው የሰጡን። እዚያ ሰው ከኮርኒሱ በላይ መጥረቢያ ያስቀምጣል። ውኃ ሲመጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ጣሪያውን ካልቆረጠ መውጫ የለውም።"

"ታዲያ ለምን አመጣሽው?"

"ዛፍ ወድቆ መንገድ ቢዘጋብን ብዬ።"

ትራንኩን ዘጋችው። መጥረቢያው እዚያው ቀረ።

ቴሌቪዥኑ ማዕበሉ ዞር ብሏል፣ ከተማው ተርፏል አለ። ተንበርክከን አመሰገንን።

ኦገስት 30

ግድቡ ተደርምሷል። ከተማው ውኃ ውስጥ ነው። ስልኩ አይገባም።

ኦገስት 31

አይገባም።

ሴፕቴምበር 2፣ ዓርብ

ሠርኬ አታለቅስም። ሥራ ስሄድ ሶፋው ላይ ትቻት እሄዳለሁ፤ ስመለስ እዚያው ናት። ዛሬ ግን የገላ መታጠቢያ ገንዳው እስከ አፉ በውኃ ተሞልቶ አገኘሁት። ማዕበል ሲመጣ የሚጠጣ ውኃ በገንዳ ይያዛል አለችኝ።

"ሠርኬ፣ እዚህ እኮ ባሕር የለም። ተራራ ሥር ነን።"

"አውቃለሁ" አለች።

አልደፋሁትም። ንዋይ ከሥራ መጥቶ በባልዲ ታጠበ። ንዋይን እርስዎ ትለዋለች። ድሮ "ንዋይዬ" ነበር። ሻይ ሲያቀርብላት እጇን አትዘረጋም። ደንግጣ ነው አልኩት።

ሴፕቴምበር 4፣ እሑድ

ከኒው ኦርሊንስ የወጡ ሰዎችን በአውሮፕላን አምጥተው ሎውሪ፣ የድሮው የአየር ኃይል ሰፈር አስገብተዋቸዋል። ንዋይ እንቅልፉን ትቶ የኢሳይያስን ፎቶ ይዞ ሄደ። በየአልጋው እየዞረ አሳየ። ማንም አላየውም። ነገ እመለሳለሁ አለ። የጠፋ ሰው ፎርም ሞላን፤ የመገናኛ ስልክ በሚለው ላይ የቤታችንን፣ ተጠሪ በሚለው ላይ የእኔን ስም ጻፍኩ።

ሴፕቴምበር 7፣ ረቡዕ

ጸሎት ነበር። ሃያ ሰው መጣ። አንዷ "እህት ማለት እንዲህ ነው፤ ቤቷን ከፈተች" አለች። ሁሉም አሜን አሉ። ሠርኬ ኩሽና ስኒ እያጠበች ነበር፤ ውኃውን ዘጋችው።

ሰው ሲወጣ ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ እኛ ከቤት የወጣን ቅዳሜ ለት ከኢሳይያስ ጋር አውርታችኋል አይደል? ምን አለሽ?"

"እከተላቸዋለሁ አለኝ።"

"እከተላቸዋለሁ አለ?"

"አዎ።"

"ጥሩ" አለች። ውኃውን መልሳ ከፈተችው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሲመጣ እነግራታለሁ። እሱ ባለበት እንስቅበታለን።

ሴፕቴምበር 11፣ እሑድ

ዘመን መለወጫ። ማንም እንኳን አደረሰሽ አላለኝም። እኔም ማንንም አላልኩም።

ሴፕቴምበር 16፣ ዓርብ

አረጋውያንን በምረዳበት ቤት አንዲት አሮጊት አሉ፤ በልጅነታቸው ቴክሳስ፣ ባሕር ዳር ነው የኖሩት። ማዕበሉ በቴሌቪዥን ከታየ ጀምሮ በየጠዋቱ ጫማቸውን ከወለሉ አንስቼ አልጋው ላይ እንዳስቀምጥ ያዙኛል። "እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል" ይላሉ። ወለሉን አየዋለሁ። ደረቅ ነው። ዛሬ ሲናገሩ እኔም አንድ እግሬን አነሳሁ። የሥራ ባልደረባዬ አይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሴፕቴምበር 24፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ማዕበል ባሕር ዳሩን መታው። ሪታ ይሏታል። ቴሌቪዥኑን አጥፉት አልኩ። ሠርኬ "ተዪው" አለች።

በየቀኑ ትደውልለታለች። እስከ ዛሬ መስመሩ ዝግ ነበር። ዛሬ ጠራ። ስፒከር ላይ አደረገችው። አራት ጊዜ ጠርቶ የኢሳይያስ ድምፅ መጣ።

"ኢሳይያስ ነኝ። ሰው ጭኛለሁ። ስምህን ተውልኝ፣ እደውላለሁ።"

ሊዲ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ንዋይ ከወንበሩ ተነሳ። ሠርኬ ብቻ አልደነገጠችም። "ሁላችንም እዚህ አለን፤ ና" አለችው። ና ስትል የምታየው እኔን ነበር።

የተቀዳ ድምፅ ነው። መስመሩ ስለተጠገነ ነው። ንዋይ ሁለት ጊዜ አስረዳን።

ኦክቶበር 6፣ ሐሙስ

ሥራ ቦታ ተደወለልኝ። ከሉዊዚያና ነው፤ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ። ቁጭ ብለሻል ወይ አለኝ። ቁጭ አልኩ።

ከጣሪያው ሥር ነው ያገኙት። ውኃው ኮርኒሱን አልፎ ነበር። የታክሲ ፈቃዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎት ነበር። በጥርሱም አረጋግጠዋል። ሰውየው ቀስ ብሎ ስሙን በፊደል አነበበልኝ። ልክ ነው አልኩ።

አሮጊቷን አጠብኩ። አበላሁ። ጫማቸውን አልጋ ላይ አስቀመጥኩ።

እራት ላይ ሊዲ ሳህኗን እያየች፣ "አንቲ፣ ከሉዊዚያና የሆነ ሰው ኮል አድርጎ ነበር። የሴል ቁጥርሽን ሰጠሁት። አገኘሽ?"

"የቢል ጉዳይ ነው" አልኩ።

"ኦኬ" አለች። ሠርኬ ለሊዲ ሰላጣ ጨመረችላት።

ኦክቶበር 7፣ ዓርብ

ንዋይን መኪና ውስጥ ነገርኩት። መሪውን ይዞ አለቀሰ። "ለምን አልመጣም? ሥራ ምንድን ነው? እኔ ነድቼ ሄጄ አመጣው ነበር እኮ" አለ፤ ደጋግሞ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ጋሼ ጳውሎስ ጋ ሄድን። እሳቸውን መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ለብቻው አይናገረውም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ማለዳ ሰው ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል።

"ወንድማችሁ ዘውዱ ከሲያትል መቼ ነው የሚደርሰው?" አሉ።

"ፈቃድ የሚያገኘው ኦክቶበር ሃያ ሁለት ነው።"

"እስከዚያ አፋችሁን ያዙ። ወገን ሳትሰበስቡ ብትነግሯት አንድ ነገር ትሆንባችኋለች። በጸጋው ያቆያታል።"

አሥራ አምስት ቀን። ሲወሰን ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ማለቴ አይደለም፤ ትንፋሽ አገኘሁ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መናገር አይቻልም፤ መጀመሪያ መርዶው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የእኔ። ወይም የእኔ አያስፈልግ ይሆናል። ማን ይጠቀማል?

ኦክቶበር 10፣ ሰኞ

በረዶ ወረደ። ከባድ ነው፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ሰበረ። ሠርኬ መስኮቱ ጋ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ "ኢሳይያስ ወፍራም ልብስ የለውም። ሲመጣ ይበርደዋል። መደብር ውሰጂኝ" አለችኝ።

ወሰድኳት። ምን ልበላት?

የወንድ ካፖርት ያለበት ጋ አንድ ሰዓት ቆየን። ጥቁሩን ሰላሳ ጊዜ አገላበጠችው።

"ትከሻው እንዴት ነው፣ እትዬ? ከንዋይ አይሰፋም?"

"ይሰፋል።"

"እጅጌውስ? አንቺ ልበሺውና ልየው።"

ለበስኩት። እጄን ዘረጋችው፤ እጅጌውን እስከ ጣቴ ድረስ ጎተተች። "ትንሽ ያጥራል መሰለኝ። ምን ትያለሽ?"

"ኢሳይያስ እጁ ረጅም ነው" አልኩ። "አንድ ቁጥር ጨምሪ።"

ራሴ ሄጄ ትልቁን አመጣሁላት። ከማውለቄ በፊት ኮሌታውን አስተካከለችልኝ፤ ባሏን እንደምትሸኝ። ፊቷ ፊቴ አጠገብ ነበር። "ያን ቅዳሜ እከተላለሁ ነው ያለሽ፣ አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያው ይበቃዋል።"

ካፖርቱ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ንዋይ ከሥራ ሲገባ ሰው መስሎት ሰላም አለው።

ኦክቶበር 15፣ ቅዳሜ

ከሥራ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሠርኬን ጠራኋት። ግድግዳው ውስጥ የተሠራው የልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ወንበር አስገብታ ላዩ ላይ ቆማለች። እዚያ ከላይ ወደ ጣሪያ የሚያስወጣ አራት ማዕዘን ክዳን አለ፤ ስድስት ዓመት ስኖር ልብ ብዬው አላውቅም። በሁለት መዳፏ ወደ ላይ ትገፋዋለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ይከፈት እንደሆነ ልየው ብዬ። በቀለም ተጣብቋል።"

"ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ።"

"በእጅ አይከፈትም" አለች። መዳፏን አሳየችኝ፤ ቀልቷል። "ሰው ምን ያህል ሰዓት ይገፋዋል፣ እትዬ?"

አወረድኳት። እጇን በቀዝቃዛ ውኃ ያዝኩላት። አሁን ስጽፈው ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ማለትሽ ነው ብሎ ይጠይቅ እንደነበር ያሰብኩት።

ኦክቶበር 19፣ ረቡዕ

ጸሎት። ከመጣው ሰው ግማሹ ያውቃል፤ ጋሼ ጳውሎስ ለመርዶው የሚያስፈልጉትን ነግረዋቸዋል። ግማሹ አያውቅም። የማያውቀው ሰው፣ "ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ኢሳይያስን በሰላም መልስልን" ብሎ ጀመረ። የሚያውቀውም አሜን አለ። ምን ይበል? እኔም አልኩ። ጋሼ ጳውሎስ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ነበር።

ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ያልተጨፈኑ ዓይኖች ነበሩ። ሠርኬ አንድ በአንድ የሰዉን ፊት እያየች ነው፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚያይ ሰው። ሊዲ ደግሞ እናቷን ታያለች። ንዋይ ጸሎቱን አቋርጦ በረንዳ ወጣ።

ኦክቶበር 22

የዘውዱ ሚስት ቀዶ ጥገና ገባች። መርዶው ለኖቬምበር 5 ተላለፈ። ጋሼ ጳውሎስ "የእግዚአብሔር ጊዜ ነው" አሉ።

ኦክቶበር 24፣ ሰኞ

ፍሎሪዳ ሌላ ማዕበል። ለማዕበል የሚያወጡት ስም አልቆባቸው በግሪክ ፊደል መጥራት ጀምረዋል ይላሉ። ገንዳው ዛሬም ሞልቷል።

ሥራ ቦታ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ የኢሳይያስን ቁጥር ደወልኩ። ድምፁ መጣ፤ ሰው ጭኛለሁ አለ። ልናገር አፌን ስከፍት ማሽኑ የመልእክት ቦታ የለም ብሎ ዘጋው። ሠርኬ ሞልታዋለች።

ኖቬምበር 5፣ ቅዳሜ

ዘውዱ ትላንት ገባ፤ የንዋይ ወንድም ጋ አሳደርነው። ዛሬ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አራት ሰው ደረጃውን ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጫማቸውን በጥንቃቄ ያነሱ ነበር። እኔ ከውስጥ እየሰማሁ ነው። ከማንኳኳታቸው በፊት ሠርኬ በሩን ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን አስራለች።

"ግቡ" አለች።

ጋሼ ጳውሎስ ተዘጋጅተው የመጡት ጠፋባቸው። "ልጄ፣ ጌታ ሰጠ…" ብለው ቆሙ።

"ጋሼ ጳውሎስ፣ አውቃለሁ። ግን ይጨርሱት።"

ጨረሱት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ቤቱ ተናወጠ። ከሁሉ ይበልጥ ንዋይ አለቀሰ፤ "ወንድሜን" እያለ መሬት ተቀመጠ። ሠርኬ ከሰዉ መሀል ሆና ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ሄዳ ውኃ ሰጠችው። "ንዋይዬ፣ ጠጣ" አለችው።

ኖቬምበር 7፣ ሰኞ

ዘውዱ ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ሰው ሲቀንስ ሠርኬ ፍራሿን እያጠፈች ጠራችኝ።

"እትዬ፣ ያን ቅዳሜ ኢሳይያስ ምን አለሽ?"

በሩ ክፍት ነበር። ዘጋሁት።

"ሦስታችንም እንምጣ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ቤቱ ጠባብ ነው አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ንዋይ ደስ አይለውም አልኩት።"

ፍራሹን ግድግዳው ላይ አቆመችው። "ገና ከከተማው ሳልወጣ ደውሎ ነግሮኛል፤ እየሳቀ። እህትሽ ክፍል ሞልቶባታል፣ ንዋይም አይፈልገኝም አለ። መኪናውን አዙሬ ልመለስ ስል ተቆጣኝ።"

"ሠርኬ…"

"መሞቱንም አንቺ በሰማሽበት በዚያው ሐሙስ ነው የሰማሁት። ለሊዲ ሰውየው ሁሉንም አልነገራትም፤ ከየት እንደደወለ ብቻ ነው። እሷ መልሳ ደውላ ጠየቀችው፤ እኔን መስላ ሚስቱ ነኝ አለችው። ወርደን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን አለቀስን። ከዚያ ፊታችንን ታጥበን እራት መጣን።"

"ካፖርቱስ?"

"እስከ የት ትሄጃለሽ ብዬ ነው። አንድ ቁጥር ጨምሪ አልሽኝ።"

ቁጭ አልኩ። ለምን ይህን ያህል ቀን ዝም አልሽኝ አልኳት። ድምፄ እንደ ከሳሽ ወጣ።

"በየትኛው አፌ ልናገር? አንቺ ቦታ ነፈግሽው፤ እኔ መጥረቢያውን ወሰድኩበት። ተዪው፣ እዚያው ይሁን ብሎኝ ነበር። ዛፍ ቢወድቅስ ብዬ ጫንኩት። በየቀኑ ጠዋት ልትነግሪኝ ነው እያልኩ እነሳለሁ። ብትነግሪኝ እኔም እነግርሽ ነበር።"

ከላይ የጣሪያው በረዶ እየቀለጠ በቱቦው ይወርድ ነበር፤ ሁለታችንም አዳመጥነው።

"ንዋይን ግን ምን እንበለው?" አለች። "ሁለት ወር ከእጁ ምግብ አልበላሁም። ቅዳሜ ሲያለቅስ ሳየው ነው የገባኝ። አላወቀም፣ አይደል? ንገሪው። አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ።"

ኖቬምበር 8፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ኩሽና ውስጥ።

"እኔ ነኝ የማልወደው?"

"ያኔ ጸሎት ላይ ተቆጥተህ ወጣህ እኮ።"

"ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነው የወጣሁት። ፓርኪንግ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አብረን ስንስቅ ቆየን።" ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ስልክ ሲደውል እኔ የት ነበርኩ?"

"ተኝተህ ነበር።"

"ብትቀሰቅሺኝ ኖሮ…" አለና ተወው። ከዚያ፣ "በእኔ ስም" አለ። ሠርኬ ያለችበት ክፍል ገባ። ሲያወሩ ሰማሁ፤ ስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድሩ። ስለ እኔ አላወሩም። በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄ ነበር።

ኖቬምበር 9፣ ረቡዕ

ሊሄዱ ነው፤ አስከሬኑን ተረክበው እዚያው ሊቀብሩት። ኢሳይያስ ከተማውን ይወድ ነበር አለች ሠርኬ። ሊዲ ካልሄድኩ አለች፤ ተፈቀደላት።

ሌሊት ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ነበር። ጥቁር ቀሚሴን አስገባሁበት። ጠዋት አወጣሁት። ለጸሎቱ ቤቱን ማዘጋጀት አለብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ዕቃ በማውረድ አገዝኳቸው። ንዋይ ነዳጅ ሞልቶ መጣ። አምስት ሰው የሚይዝ መኪና ነው። ሠርኬ ከፊት ተቀመጠች፣ ሊዲ ከኋላ ለብቻዋ። የኋላውን በር ይዤ ቆምኩ። ንዋይ ሞተሩን አስነሳ፣ ግን ማርሽ አላስገባም። እጁ ማርሹ ላይ ነው። ሠርኬ ፊቷን አላዞረችም፤ በመስተዋቱ ውስጥ ግን ታየኛለች። ሊዲ ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

ቦታ አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። በሩን ዘጋሁላቸው።